«ታዝዤ ነው» የት ድረስ ያስኬዳል? ክርስትና ስለ ጦርነት፣ ስለ መግደልና ስለ መንግሥት የሚለው

ሮሜ ምዕራፍ 13ን የማያውቅ ባለ ሥልጣን የለም። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የማያውቅ ካድሬ እንኳ ይቺን ያውቃታል። «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ። ከእግዚአብሔር ካልተገኘ በቀር ሥልጣን የለምና።» በስብሰባ ትጠቀሳለች፤ በሬዲዮ ትጠቀሳለች። ጠመንጃ ያነሳው ሰው ደግሞ የራሱ ጥቅስ አለው። ዳዊትና ጎልያድ አሉለት። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለለት። መሐል ላይ ያለው ገበሬ ሁለቱንም ሰምቶ፣ አንዱንም ሳይመልስ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። አጣዬ በ2013 ነደደች። በ2014 ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ። በ2015 ክረምት ደግሞ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ሌላ ጦርነት ተጀመረ። አንዱ ልጅ መከላከያ፣ ሌላው ጫካ የገባበት ቤት አለ። እናት ለሁለቱም ነው የምትሳለው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «ክርስቲያን መዋጋት ይችላል ወይ? ቢገድልስ? መንግሥት ካዘዘውስ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

የማንም ወገን ጠበቃ ሆኜ አልጽፍም። ክርስትና በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምን ሲል እንደኖረ በቀላሉ ለማስረዳት ነው። የራሴን አስተያየት ግን አልደብቅም።

ሮሜ 13 ሲጻፍ ማን ነግሦ ነበር?

ጳውሎስ ይህን መልእክት የጻፈው በ57 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ይገመታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው። በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ኔሮን ነው። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ እንደምትናገረው ጳውሎስ ራሱ አንገቱን የተቀላው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። «ለባለ ሥልጣን ተገዙ» ብሎ የጻፈው ሰው የሞተው በባለ ሥልጣን ሰይፍ ነው። ስለዚህ ጥቅሱን «የታዘዝከውን ሁሉ አድርግ» ብሎ የሚያነብ ሰው ስለ ጸሐፊው ሞት አንድ ነገር መመለስ አለበት።

ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ሰው ከምዕራፍ 13 መጀመሩ ነው። ምዕራፍና ቁጥር ጳውሎስ አልጨመረም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ከፍ ብሎ ምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ «ራሳችሁ አትበቀሉ» ይላል። ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው ይላል። ቀጥሎ ነው ስለ ባለ ሥልጣን የሚያወራው። ሐሳቡ አንድ ላይ ሲነበብ እንዲህ ነው። ደም መመለስ የአንተ ሥራ አይደለም። ክፉ አድራጊን የሚይዝ ዳኛ አለ፤ ለእሱ ተወው። ጥቅሱ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከአንባቢው እጅ ሰይፉን መቀበል ነው።

ባለ ሥልጣኑስ? «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ተብሏል፤ ያውም «ለመልካም ነገር»። አገልጋይ ደግሞ የሚጠይቀው ጌታ አለው። እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ጳውሎስ ግን ይህን አላለም።

እምቢ ያሉት

መጽሐፍ ቅዱስ ባለ ሥልጣንን እምቢ ያሉ ሰዎች ሞልተውበታል። ሲፓራና ፉሐ የሚባሉት አዋላጆች ፈርዖን ወንድ ሕፃናትን እንዲገድሉ ቢያዛቸው አልገደሉም። ሠለስቱ ደቂቅን በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እናከብራቸዋለን፤ የሚከበሩት የንጉሥን አዋጅ ስለጣሱ ነው። ጴጥሮስና ሐዋርያት በሸንጎ ፊት ቆመው «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» አሉ።

በስብከት ብዙ የማልሰማት ግን የ1ኛ ሳሙኤል 22 ታሪክ ናት። ንጉሥ ሳኦል የኖብ ካህናት ዳዊትን ረድተዋል ብሎ ጠረጠረ። አጠገቡ የቆሙትን ጠባቂዎቹን «ግደሏቸው» አላቸው። ወታደሮች ናቸው። ሥራቸው መታዘዝ ነው። ንጉሡም የተቀባ ሕጋዊ ንጉሥ ነው። እጃቸውን ግን በካህናቱ ላይ አላነሱም። በሳኦል ላይም አልዞሩበትም። ዝም ብለው አልገደሉም። ንጉሡ ወደ አገልጋዩ ወደ ኤዶማዊው ዶይቅ ዞረና «አንተ ግደል» አለው፤ ዶይቅ 85 ካህናት በአንድ ቀን ፈጀ። ዶይቅም ታዞ ነው። ግን እስከ ዛሬ ስሙ በክፉ የሚነሳው የዶይቅም ነው፤ የሳኦል ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። እምቢ ማለትና ማመፅ አንድ አይደሉም። አዋላጆቹ፣ ሦስቱ ልጆች፣ የሳኦል ጠባቂዎች ክፉውን ትእዛዝ አልፈጸሙም፤ በንጉሡ ላይም ጦር አልመዘዙም። ቅጣት ቢመጣ ለመቀበል ቆመዋል። ክርስቲያኖች ክፉ ትእዛዝን እምቢ በማለት ላይ ብዙም አይለያዩም። «በሥልጣን ላይ ያለን ሰው በጦር ማውረድስ?» ሲባል ነው የሚለያዩት። ያኔ ሁሉም የየራሱን ሊቅ ይጠራል።

ጥያቄው ሰላሌ ሲመጣ

ዛሬ ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአማራ፣ አንዱ በኦሮሚያ ክልል። በዚህ ጉዳይ ግን ታሪካቸው አንድ ነው።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ፣ ማለትም በኦሮሚያ ክልል ያለው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ ፍቼ አካባቢ ነው የተወለዱት። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተዋል። ቢሮው፣ ፖሊሱ፣ ግብሩ በጣሊያን እጅ ነው። ታዲያ «ያሉት ባለ ሥልጣኖች በእግዚአብሔር የተሾሙ ናቸው» የሚለው ለግራዚያኒም ይሠራል?

ከጳጳሳቱ መካከል አቡነ አብርሃም ለአዲሱ ገዥ ገቡ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ሰላሌ ካሉት አርበኞች ጋር ነበሩ። በሐምሌ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ አልተሳካም፤ እሳቸውም ተያዙ። አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። አሻፈረኝ አሉ። ይልቅስ ለወራሪው የሚገዛውን አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

ልብ በሉ፣ በማዶም ጳጳስ ነበር። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር ጦርነቱ ሲጀመር በካቴድራላቸው ቆመው የጣሊያንን ዘመቻ አወድሰዋል፤ መስቀሉን ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ ዘመቻ አድርገው ነው የሳሉት። ወደ አገራችን! ስለዚህ «ቄሱ ባርኮታል» የሚለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማን፣ ማንን፣ ለምን ባረከ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

መገዛትም ሁልጊዜ ነፍስ አያድንም። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሰጡ። በታኅሣሥ 1929 እዚያው ፍቼ ተገደሉ። በግንቦት 1929 ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምዕመናን ተጨፈጨፉ፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በተከበረ ማግስት። ግራዚያኒ አዘዘ፤ ጄኔራል ማሌቲ ፈጸመ። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ 129 ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንግጫ ላይ ተረሸኑ። ዘግይተው የተደረጉ ጥናቶች የሟቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 ያደርሱታል። ማሌቲ ቢጠየቅ «ታዝዤ ነው» ይል ነበር። ውሸትም አይሆንም።

ከዚያ በፊት ያለው የሰገሌ ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቸግራል። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ቀን፣ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው። በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ሜዳ ላይ የሸዋ ጦርና የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተላለቀ። ወራሪ የለም። የሁለቱም መሪዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን «ከእንግዲህ ለዚህ ሰው መታዘዝ የለባችሁም» ማለት ትችላለች ወይ? ያኔ ብላለች። ትክክል ነበረች አልነበረችም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔን የሚከብደኝ ግን ሜዳው ላይ የቀረው ወታደር ነው፤ ልጅ ኢያሱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ስንት ሰው ወድቋል።

ጦርነትስ ይፈቀዳል?

ኢየሱስ ሲያዝ ጴጥሮስ ሰይፍ መዘዘ። «ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ» ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ይህን እንዳለ ነው የወሰዱት። በእኛ ሲኖዶስ መጽሐፍ ውስጥም በገባው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወታደር ለመጠመቅ ሲመጣ እንዳይገድል ይነገረዋል፤ ቢታዘዝም እንኳ። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ወታደር ልሁን የሚል ደግሞ ይከለከላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ295 ማክሲሚሊያን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በሰሜን አፍሪካ ለውትድርና ተመዘገብ ቢባል «ክርስቲያን ነኝ፣ አልችልም» አለ። ዳኛው «በንጉሡ ጦር ውስጥ ክርስቲያኖች አሉኮ» አለው። «እነሱ የሚበጃቸውን ያውቃሉ» ብሎ መለሰ፤ ተገደለ። ይህች አጭር ክርክር ሁሉንም ትናገራለች። በዚያ ዘመንም ክርስቲያን ወታደር ነበር፤ በዚያ ዘመንም አልሆንም የሚል ነበር።

በቤታችን ግድግዳ የምንሰቅላቸው ወታደር ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው። ጊዮርጊስን በጦሩ ዘንዶ ሲወጋ እናየዋለን። ሚያዝያ 23 የምናከብረው ግን የሰማዕትነቱን ቀን ነው፤ ሰው ስለ ገደለ አልከበረም። ሚናስ ከውትድርና ወጥቶ በረሃ የገባ ነው። መርቆሬዎስ ከሞተ በኋላ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን እንደወጋው ይተረካል፤ ያውም በቅዱስ ባስልዮስ ጸሎት። በታሪኩ ውስጥ በሕይወት ያሉት ክርስቲያኖች የሠሩት ነገር መጸለይ ብቻ ነው። ፎካሪ ይህን ክፍል ሲዘለው አይቻለሁ።

ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሡ ክርስቲያን ከሆነ ድንበር የሚጠብቀው ማን ነው? መልሶቹ ተለያዩ።

ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከው አትናቴዎስ ለአንድ መነኩሴ ሲጽፍ መግደል አልተፈቀደም፣ በጦርነት ጠላትን መግደል ግን የተፈቀደና የሚመሰገን ነው አለ። አውግስጢኖስ ደግሞ የጦርነት ዓላማ ሰላም ብቻ መሆን አለበት አለ። ወታደሩም ትእዛዙ በግልጽ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር ካልተጋጨ በደሉ የንጉሡ ነው፣ እሱ ንጹሕ ነው አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቶማስ አኳይናስ ይህን በሦስት ሁኔታ አጠረው፦ ሕጋዊ ባለ ሥልጣን፣ ትክክለኛ ምክንያት፣ ቅን ልብ። «ፍትሐዊ ጦርነት» ሲባል የምትሰሙት ከዚህ የመጣ ነው።

ባስልዮስ ግን ሌላ ነገር ጻፈ። በቅዳሴው የምናውቀው ያው ባስልዮስ ማለቴ ነው። አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር አልቆጠሩትም ይላል። ሆኖም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢከለከሉ ሳይሻል አይቀርም ይላል። ወንጀለኛ አላለውም። ጀግናም ብሎ ወደ መቅደስ አላስገባውም። ዳዊትም ብዙ ደም ስላፈሰስህ ቤቴን አትሠራም ተብሎ ነበር፤ ያን ሰልፍ ብዙውን በእግዚአብሔር ፈቃድ ተሰልፎት ሳለ።

እኔ ከሁሉም ባስልዮስ ነው የሚያሳምነኝ። የእኛም አገር ካህናት በተግባር ወደ እሱ የሚጠጉ ይመስለኛል። ፍትሐ ነገሥት ለንጉሥ ጦርነትን ይፈቅዳል፤ ከተማ ስትከብ መጀመሪያ ሰላም አቅርብ ይላል። በሐዋርያት ቀኖና መሠረት ካህን ወታደር አይሆንም። ታቦት አድዋ ዘምቷል፤ ከአድዋ የተመለሰው ዘማች ግን ንስሐ አያስፈልግህም የተባለ አይመስለኝም።

ከሌሎቹ ክርስቲያኖች መካከል እንደ መጀመሪያዎቹ ምንም ጦርነት አይፈቀድም ያሉት በ16ኛው መቶ ዘመን የተነሱት አናባፕቲስቶች ናቸው። ከእነሱ መኖናውያን (ሜኖናይቶች) ወጡ፤ ከመኖናውያን አገልግሎት ደግሞ የእኛዋ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተገኘች። ደርግ በ1974 ዘጋት፤ አባላቷ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ቆዩ እንጂ ጠመንጃ አላነሱም። የፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በበኩሉ ወታደርነት ሙያ ነው አለ፤ ጦርነቱ ግፍ መሆኑን በእርግጥ ካወቅህ ግን አትዝመት አለ። በካቶሊክ በኩል ፖፕ ፍራንሲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በጻፉት መልእክት ዛሬ ባሉት የጦር መሣሪያዎች «ፍትሐዊ ጦርነት» ብሎ መናገር እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል ብለዋል።

ተመልሶ የመጣው ልጅ

ባህላችን እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው። ሠርግ ላይ ፉከራው «ገዳይ» ይላል። ለቅሶ ላይም አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት ስትዘረዝር የገደለውን ትቆጥራለች። ያው ሰው ንስሐ አባቱ ፊት ሲቀርብ ግን «ገደልኩ» የሚለው ቃል ፉከራ መሆኑ ይቀራል። ጾም ይሰጠዋል፤ ስግደት ይሰጠዋል፤ ምጽዋት ይሰጠዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሆን ንስሐ አባቱ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይወስናል። በመንደር የተፈሰሰ ደም ከሆነ ደግሞ ንስሐ ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌና መስቀል የያዘ ካህን ወደ ሟች ቤተሰብ ይሄዳሉ። ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል።

ከጦርነት የሚመጣው ልጅ ግን ደሙን የሚያደርቅለት የለም። የገደለውን ሰው ስም አያውቅም። ቤተሰቡም የት እንደሆነ አያውቅም። የቀረው ንስሐው ብቻ ነው። ስለዚህ «አንተ ምን አጠፋህ? ታዘህ ነው» ብለን ስናሰናብተው ውለታ የዋልንለት ይመስለናል፤ ያለችውን አንዲት በር ዘጋንበት። «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ማባረርም በሩን መዝጋት ነው። ሌሊት የሚያባንነው ልጅ ሐኪምም ያስፈልገዋል፤ ንስሐ ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክልም።

«ታዝዤ ነው» የሚለው በዓለማዊ ሕግም እስከ መጨረሻ አያስኬድም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 አለ። የታዘዘው ነገር ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች፣ ለምሳሌ ሰው መግደል ወይም ቤት ማቃጠል፣ ራሱም ይጠየቃል። በጥብቅ የመታዘዝ ግዴታ ስር ከነበረ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። አዛዡም በአንቀጽ 73 ይጠየቃል። ባስልዮስና የወንጀል ሕጉ ሳይተዋወቁ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

የማይዋጋ ሰውም ከጥያቄው አያመልጥም። ግብር መክፈል፣ ስንቅ ማቀበል፣ ወሬ ማድረስ አለ። የቄሣርን ለቄሣር ስጡ ተብሏልና ግብር መክፈል ብዙ አላከራከረም። ለገዥዎች መጸለይም በጳውሎስ የታዘዘ ነው፤ ቅዳሴያችንም ውስጥ አለ። የሚጸለየው መልካም ስለሆኑ አይደለም፤ ጸጥ ብለን እንድንኖር ነው። ጎረቤትን በሐሰት «ፋኖ ነው» ወይም «የመንግሥት ሰላይ ነው» ብሎ መጠቆም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እጁ ጠመንጃ ሳይነካ ሰው ያስገደለ አለ። እሱን የሚያጸድቅ የትኛውም ሊቅ አልተገኘም።

ወታደሮች በቀጥታ «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው የጠየቁበት አንድ ቦታ በወንጌል አለ፤ ሉቃስ 3። የጠየቁት መጥምቁ ዮሐንስን ነው። ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። በርቱ፣ ግደሉም አላላቸውም። «በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው። ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ በየኬላው ወርዶ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ ኪሱን ዳብሶ ያለፈ ሰው ሦስቱም ምን ማለት እንደሆኑ ትርጓሜ አያስፈልገውም። በየትኛውም ወገን ኬላ ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ ከአትናቴዎስና ከባስልዮስ በፊት በእነዚህ ሦስቱ መጀመር ይችላል።